ከመሃል የተነቀሉት ችግኞች

በዚያን ቀን አውድማው ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አባቴ፣ መንሹን ይዞ። እናቴ፣ የመጨረሻውን ልጅ አዝላ። ታላላቅ ወንድሞቼ ታደሰ፣ ግርማና ለማ። ታናሽ እህቴ እልፍነሽ፣ ከእሷ ቀጥላ ከበቡሽ፣ ከዚያ ሁለቱ መንትዮች፣ አፍንጫቸው ሳይጠረግ። የመሬቱ ባለቤት እትዬ በላይነሽ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሬም ጎልማሳ ልጅም የሌላቸው ሴት። የእሳቸው የእህት ልጅ ፋንታዬ፣ ከከተማ ጫማ አድርጋ የመጣች። ሁለት በሬዎች፣ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ከእኛ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርሰው የጎረቤታችን።

እኔም ነበርኩ። ጭዱ ውስጥ ተቀብሬ ስለነበር ግን ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ጡረታ ስለወጣሁ ነው። ትልቋ ልጄ ሰላም፣ ሥራ ካቆምኩ ጀምሮ በሩ ተቆልፎ እንደሆነ በቀን አሥር ጊዜ ስፈትሽ አይታ፣ ደብተር ገዝታ መጣች። «እማ፣ በሩን ተይው። ሥራሽን ጻፊ» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ብዕር ከያዝኩም ቆይቻለሁ። እየፈራሁ ነው የምጽፈው፤ ግን የትኛውን ሥራ ሳልፈራ ሠርቼ አውቃለሁ?

አባቴ የራሱ መሬት አልነበረውም። መሬት ሲደለደል በቦታው ስላልነበረ ሳይደርሰው ቀርቷል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው በኩል፣ የእትዬ በላይነሽን ማሳ እኩል ያርስ ነበር። እኩል ማለት እንዲህ ነው፦ ምርቱ ሲገባ መጀመሪያ የከርሞው ዘር ይወጣል፤ የቀረውን አባቴ ለሁለት ይከምረዋል፤ ከሁለቱ ክምር የፈለጉትን የሚያነሱት ባለመሬቷ ናቸው። ስለዚህ አባቴ አንዱን ክምር ከሌላው በእፍኝ እንኳ አያስበልጥም። እትዬ በላይነሽም ክፉ ሰው አልነበሩም። ብዙ ጊዜ ዞር ብለው ሳያዩ «ያኛው ይሁንልኝ» ይሉ ነበር።

እኛ ዘጠኝ ልጆች ነበርን። የምንተኛው ራስና እግር ተገለባብጠን ነው። እኔና እልፍነሽ ለክት የምትሆን አንዲት ቀሚስ ነበረችን፤ አንድ እሑድ እኔ ለብሻት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው እሷ። ገብስ እናርማለን፣ ኩበት እንለቅማለን፣ አጨዳው ሲያልቅ የወደቀውን ዛላ እንቃርማለን። አንድ ዓመት እልፍነሽ የለማን ማጭድ አንስታ ልትሞክር ስትል የግራ እጇን የትንሿን ጣት ጫፍ ቆረጠችው። አባቴ አመድ ነስንሶ በጨርቅ አሰረላት። ማታ በጆሮዬ፣ «ጣቴ ተመልሶ ይበቅላል?» አለችኝ። «ጎመን ሲቀነጠስ ይበቅል የለ?» አልኳት። አመነችኝና ተኛች።

በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መታው። ዘሩ ከወጣ በኋላ የቀሩት ሁለት ክምሮች አንድ ላይ ቢሆኑ እንኳ የአምናውን አንዱን አያክሉም። ፋንታዬ ጠዋት ቤት ገብታ ከእናቴ ጋር ስታወራ ከጓዳ ሰምቻለሁ። ልጅ አልወለደችም፤ አንዷን ሴት ልጅ ወስዳ ልታሳድግ ትፈልጋለች። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሴቶቹ ትልቋ እኔ ነኝ። ማን እንደሚጠራ ገባኝ። ወደ አውድማው ቀድሜ ሄጄ ጭዱ ውስጥ ገባሁ።

የሆነውን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ፋንታዬ፣ «እኔ ዘንድ ትበላለች፣ ትማራለች። የቷን ልውሰድ?» አለች። እትዬ በላይነሽ፣ «እኔን እንዳታዩኝ። ገብስ እመርጣለሁ እንጂ ልጅ አልመርጥም» አሉ። ከዚያ እናቴ፣ «ትልቋ ትሂድ» አለችና ጠራችኝ። «ጥሩነሽ! አንቺ ጥሩነሽ!» ሦስት ጊዜ። የገብሱ ጭድ አንገቴን እየበላኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እኔ ልሂድ» አለች እልፍነሽ። ስምንት ዓመቷ ነበር። «ጫማ ትገዢልኛለሽ?»

«አንቱ በያቸው» አለቻት እናቴ።

«ጫማ ይገዙልኛል?»

ፋንታዬ ሳቀች። «ገዛሁልሽ!»

ቀሚሳችንን ለብሳ ሄደች። ተራው የእኔ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣሁ። እናቴ የት እንደነበርኩ ስትጠይቀኝ «ኩበት ስለቅም» አልኳት። ያለ ኩበት መምጣቴን ልብ አላለችም፤ ወይም ብላም ዝም ብላለች። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ እልፍነሽን ሊያይ ከተማ ወርዶ ነበር። ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ፋንታዬ ባሏን ተከትላ ወደ ሻሸመኔ ሄዳለች ተባለ። እትዬ በላይነሽም በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ ከእሳቸው ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም።

በአሥራ አምስት ዓመቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሜ በእንጦጦ አናት ወደ ፈረንሳይ ሰፈር እወርድ ጀመር። አንድ ቀን ሸክሜን ሳሳርፍ፣ ከየካ ተራራ ሥር ባለው የችግኝ ጣቢያ አፈር የሚያመላልስ ሰው ይፈለጋል ሲሉ ሰማሁ። ቅጠሉን ሸጬ በዚያው ሄድኩ። የሥራ ዘመኔ በሙሉ የጀመረው እንደዚህ ነው።

የጣቢያው ፎርማን ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሲገቡ ሰላም አይሉንም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የችግኞቹን መደቦች አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ከዚያ ተመልሰው፣ «እነሱ ደህና አድረዋል፤ እናንተስ?» ይላሉ። ችግኝ በግንዱ ሲነሳ ካዩ ይጮሃሉ፤ «ልጅሽን በጆሮዋ ነው የምታነሺያት? ከሥር! ከሥር ያዢ!» አፈር ሲደባለቅ እፍኝ አንስተው ይጨብጡና እጃቸውን ይከፍታሉ። ጭብጡ እንዳለ ከቆመ ውሃው በዝቷል፤ ወዲያው ከፈረሰ አንሷል፤ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ብቻ ከተሰነጠቀ ይበቃል ማለት ነው። ጥቁሩን የፕላስቲክ ከረጢት ስንሞላ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ እንድናደርገው ያዙናል። መታ ካልተደረገ ከሥር ባዶ ይቀርና ሥሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

እኔን «ጭንቀቷ» ይሉኝ ነበር። መደቡን ያጠጣሁ እንደሆነ ተመልሼ አፈሩን እነካለሁ፤ ለችግኙ ጥላ የሠራነው ዳስ ላይ ያለበስነውን ሣር ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ እደርባለሁ። «ጭንቀቷ፣ እስቲ ችግኙ ትንሽ ብቻውን ይተንፍስ» ይሉኛል።

አግብቼ ሦስት ልጆች ወለድኩ። ባለቤቴ የሚኒባስ ረዳት ነበር። ሦስተኛዋ ጡት ሳትጥል ታሞ ሞተብኝ። ከአርባው በኋላ እህቱ ከአያት ሰፈር መጣች። ደግ ሴት ናት፤ እንባዋን ጠርጋ፣ «ሰላምን ስጪኝ። አንዷን ባነሳልሽ ይቀልሻል። እኔ ዘንድ ትበላለች፣ ትማራለች» አለችኝ። የፋንታዬ ቃል ራሱ ነበር።

«አልሰጥም» አልኳት።

«በቀን ሥራ ሦስት ልጅ እስከ መቼ?»

«ዘንድሮ ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ነው። ቋሚ ካልሆንኩ ትወስጃታለሽ።»

ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ካልኩት በኋላ ግን መመለስ አልቻልኩም። የጣቢያው ኃላፊ፣ አንድ የራሴን መደብ ከዘር ጀምሬ ለተከላ እስከሚጫን ካደረስኩ ቋሚ እንደሚያደርገኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። የሰላም ዕጣ ያንን መደብ ተከተለ።

መደቡ የጥድ ነበር። ጥድ አስቸጋሪ ነው፤ ዘሩ ሲበቅል ይዘገያል፣ ሲዛወር ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ከረጢት ሁለት ሁለት እናደርጋለን፤ አንዱ ቢደርቅ አንዱ እንዲተርፍ። ሁለቱም ከያዙ ደግሞ በወሩ ደካማው ተነቅሎ መጣል አለበት። አለዚያ ሥሮቻቸው ይጠላለፉና ሁለቱም ቀጥነው ይቀራሉ። ይህንን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ለአዲስ ገቢዎች የማስረዳው እኔ ነበርኩ።

በሌላ ሰው መደብ ላይ ነቅዬ አውቃለሁ፤ ጣቴ እንጂ ልቤ አልነበረበትም። በዚያኛው ግን ከዳር ያሉትን ሁለት ረድፎች እንደጨረስኩ እጄ እንቢ አለ። ሁለቱም ቅጠል አላቸው፣ ሁለቱም ቆመዋል። የትኛዋ ትውጣ? ነገ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ነገም አልኩ። ጋሽ ደምሴ «ነቅለሽ ጨረስሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ጨርሻለሁ ጋሼ» አልኳቸው። በመደቡ ዳር ሲያልፉ የሚታያቸው አንድ አንድ የቆመው ነው። የመሃሉ በሙሉ ሁለት ሁለት ነበር። እኔ ደግሞ በእንክብካቤ ልክሰው ብዬ ሥራዬን ሁሉ እሱን አደረግሁት። ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ለምሳ ስንወጣ እንኳ ከአጠገቡ አልጠፋም።

በግንቦት ወር አንድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ እንደ ወትሮው እጃቸውን አጣምረው ሲዞሩ ቆዩና መደቤ ጋ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ወደ መሃል ሰደዱና አንዱን ከረጢት ከሥሩ ይዘው አወጡት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መንታ ነው ጋሼ።»

ሌላ አወጡ። «ይህስ?»

«እሱም መንታ ነው።»

ሦስተኛ አወጡ። «አንቺ ጥሩነሽ፣ መደብሽ በሙሉ መንታ ወለደ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ከረጢቱን በጣታቸው ቀደዱና ሥሩን አሳዩኝ። እንደ ተጠላለፈ ክር ሆኗል። ግንዶቹ ረዝመዋል እንጂ ከክብሪት እንጨት አይወፍሩም።

ኃላፊው መጣ። አንድ ጊዜ አየና፣ «ይጣል። እሷም ትሰናበት። ዋሽታለች» አለ። ትክክል ነበር። ዋሽቻለሁ። ቆሜ የማስበው ግን ስለ ሰላም ጫማ ነበር፤ አክስቷ ዘንድ ስትሄድ የትኛውን ታድርግ እያልኩ።

«መሃሉን ያላየሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «አንድ ወር ሙሉ ዳር ዳሩን እያየሁ አልፌያለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን እኩል ያድርጉት፤ ግማሹ የእኔ ነው።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እንዲህ እያሉ ሰው አያበላሹ።»

«እኔንም ያሰናብቱኛ።»

ኃላፊው አንገቱን አከከ። ጋሽ ደምሴን ቢያሰናብት ጣቢያው በሳምንት እንደሚደርቅ ያውቃል። «ጭነቱ ሰኔ ሲጋመስ ይመጣል» አለ በመጨረሻ። «እስከዚያ ሊተከል የሚችል ነገር ካሳያችሁኝ አየዋለሁ። ካልሆነ በቃ።»

ጋሽ ደምሴ ዳሱ ሥር ሁለት ባልዲ ውሃ አስቀመጡ። ከረጢቱን ከነአፈሩ ውሃ ውስጥ ነክረን አፈሩ እስኪለሰልስ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ፕላስቲኩን ቀደን ሥሩን ውሃው ውስጥ በጣት እናላቅቃለን። ከተጎተተ ይበጠሳል፤ እያወዛወዙ ማላቀቅ ነው። አንዷ ወደ አዲስ ከረጢት ትገባለች፤ ሌላዋ ትወጣለች።

የመጀመሪያዋን አላቀቅኳት። በሁለቱ እጆቼ ሁለት ችግኝ ይዤ ቆምኩ።

«ምረጪ» አሉኝ።

«የትኛዋን?»

«ደህናዋን አስቀሪ።»

«ሁለቱም አንድ ናቸው ጋሼ።»

«እንግዲያው የፈለግሽውን።»

አልቻልኩም። ውሃው ከክርኔ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው፤ አውድማውን፣ ጭዱን፣ ሦስት ጊዜ መጠራቴን፣ የእሷን «ጫማ ይገዙልኛል?» ለእናቴ፣ ለባለቤቴ፣ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ነው በእጄ ችግኝ ይዤ ለፎርማኔ የነገርኩት።

ሥራቸውን አላቋረጡም። ስጨርስ፣ «ውሃው ሞቋል፤ ቀይሪው» አሉኝ። ቀይሬ ስመለስ፣ «ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

«እልፍነሽ።»

ከግራ እጄ ያለችውን ችግኝ ወሰዱና እርጥብ ጆንያ ላይ አጋደሟት። «የሚወጡትን ቆሻሻ ላይ እንዳትጥዪ። እዚህ አድርጊልኝ። የእኔ ግማሽ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ እጄ ሄደ። እስከ ሰኔ በየቀኑ ይህንኑ ስንሠራ ቆየን። የሚወጡትን ጆንያው ላይ አስተኛለሁ፤ እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውት ይሄዳሉ። የት እንደሚወስዱት አልጠየቅኳቸውም። ማገዶ እንኳ አይሆንም፤ ምን ያደርግላቸዋል? አልኩ በልቤ። ካስቀረናቸው ብዙዎቹ ሞቱ። የተረፉት ግን ቀጥ አሉ። ጭነቱ ሲመጣ ኃላፊው ራሱ ክንዱን ወደ መደቡ መሃል ሰድዶ አንድ አወጣ፤ ሌላ አወጣ፤ መልሶ አስቀመጣቸውና ወደ ቢሮው ገባ። በመስከረም የቋሚነት ደብዳቤዬ መጣ። ለባለቤቴ እህት በዚያው ቀን ነገርኳት። «እሰይ፣ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም» ብላ አቀፈችኝ። ሰላም ግቢው ውስጥ ገመድ እየዘለለች ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ግን የሚወራ ነገር የለውም። ጣቢያው ቦታው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ወደ አያት ተዛወረ፤ ያኔ እርሻ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ እንደገና ወደ ተራራው ተመለስን። አራት ኃላፊ ተፈራረቀብኝ፤ አንዱ ሥራውን ይወድ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ፣ የሁለቱን መልክ ረስቼዋለሁ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሲወጡ መደቦቹን የመዞር ሥራ የእኔ ሆነ። እኔም እጄን አጣምሬ እዞራለሁ፤ ግን በየመደቡ ክንዴን ወደ መሃል ሳልሰድ አላልፍም። ልጃገረዶቹ «ማዘር መጣች፣ መሃሉን አሳምሩ» ይባባላሉ። ጋሽ ደምሴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ዘንድሮ ሲሸኙኝ ምሳ ተዘጋጅቶ ነበር። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ አስካለ በከዘራ መጡ። ሲስሙኝ፣ «የደምሴን ግማሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«የምን ግማሽ?»

«አላሳየሽም? ይህ ሰው ሞቶም ያናድደኛል። እሑድ ተዘጋጂ።»

እሑድ እኔ፣ እትዬ አስካለና ሰላም በኮንትራት ሚኒባስ ወደ እንጦጦ ወጣን። መንገዱ ቁልቁለት ስላለው ሾፌሩን ፍሬኑ መያዙን ጠየቅሁት።

«እማ፣ ሪላክስ በይ» አለች ሰላም።

«እማማ አይስጉ» አለ ሾፌሩ። «ፍሬኑ ከእኔ የተሻለ ጤና አለው።»

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ጎርፍ የቦረቦረው ሸለቆ አለ። እትዬ አስካለ በከዘራቸው እያመለከቱ ወሰዱን። መጀመሪያ የታየኝ የቀለም ልዩነት ነው፤ ባሕር ዛፉ ገርጣ ያለ፣ እነሱ ግን የጠቆሩ። ጥዶች ናቸው። በሸለቆው በሁለቱም ጎን ተራርቀው ቆመዋል። አንዳንዱ ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል፣ አንዳንዱ ጎብጧል፣ የቀሩት ከሰላም ቤት ጣሪያ ይበልጣሉ።

«በዚያ ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ተሸክሞ ይመጣ ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔን ውሃ ያሸክመኛል። ሁለት ቅጠል ያላት፣ ሥሯ የተበጣጠሰ ችግኝ ነው የሚተክለው። አንተ ሰውዬ አብደሃል፣ የተጣለ ነገር ይበቅላል ወይ ስለው፣ ከመሃል ወጣ እንጂ መች ሞተ ይለኛል። ከዚያ በኋላ 'የእልፍነሽን አይቼ ልምጣ' ማለት ጀመረ። እልፍነሽ ማናት ብለው አይናገርም። የድሮ ወዳጁ መስላኝ ሁለት ሰንበት አኩርፌዋለሁ። እስቲ አንቺ ታውቂ እንደሆነ፣ ማናት?»

ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። አንዱን ግንድ ይዤ ነበር የቆምኩት፤ ቅርፊቱ ሻካራ ነው፣ በሁለት እጄ ሳቅፈው ጣቶቼ አይገናኙም። የአውድማውን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩት።

እትዬ አስካለ፣ «አይ ደምሴ፣ ለምን አትነግረኝም ነበር» እያሉ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሰላም፣ «ስለዚህ ነው ለአክስቴ ያልሰጠሽኝ?» አለች።

«ስለዚህ ነው።»

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ያዝሽው?» ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ። ስንወርድ ስለ ፍሬኑ አልጠየቅሁም። ቤት ስገባ በሩን አንድ ጊዜ ብቻ ቆለፍኩ።

በማግስቱ ለከበቡሽ ደወልኩላት፤ ለታደሰም። ጭድ ውስጥ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ታደሰ ሳቀና፣ «እግርሽ ወጥቶ ይታይ ነበር። የአባባን መንሽ ተቀብዬ ጭድ ጨመርኩብሽ» አለኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ አለቀስኩ፤ ግን የቀለለው ሰው ለቅሶ ነው። ከዚያ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

እልፍነሽ የተወሰደችው ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ከእትዬ በላይነሽ አውድማ ነው። የወሰደቻት ፋንታዬ ትባላለች፤ መጨረሻ የሰማነው ወደ ሻሸመኔ መሄዳቸውን ነው። ምናልባት ስሟን ቀይረውት ይሆናል። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም። በሕይወት ካለች ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች። እናትና አባታችን አርፈዋል፤ ከዘጠኛችን ሰባታችን አለን፤ ማንም አልተቀየማትም፤ ልትቀየም የሚገባትም እሷ ናት። ጫማው ተገዝቶላት እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ከምታነቡት መካከል የሚያውቃት ሰው ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳለች ንገሩኝ።